ፖሊሶቻችን በባዕድ አገር

አንባቢ ሆይ፤ ከጎንደር ተነሥተው በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚጓዙ ቢሆኑ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደው፣ የስሜን ብርድ ለቆዎት ኮትዎን ለማውለቅ በሚያስቡበት ሰዓት አዲ አርቃይን ያገኛሉ። ስሟ በትግርኛ የቀርከሃ አገር እንደ ማለት ነው፤ በገበያዋ አማርኛውም ትግርኛውም ይሰማል። ሹፌሩ ጐማውን እስኪያይ ድረስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው ያልፏት ይሆናል። እኔ ግን በዚች ከተማ አስተማሪ ስለ ሆንሁ አላልፋትም፤ ዛሬ የማጫውትዎትም ነገር የተጀመረው ከዚሁ ከክፍሌ ውስጥ ነው።

ትምህርቱ ስለ ተባበሩት መንግሥታት ነበር። ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይደርቅባቸው ብዬ አንድ ፎቶግራፍ በተማሪዎቹ መካከል አዞርሁ። በፎቶግራፉ ላይ የአገራችንን የደንብ ልብስ የለበሰ፣ በራሱ ላይ ሰማያዊ ቆብ የደፋ ፖሊስ በሱዳን በረሓ ዛፍ ሥር ቆሞ ሰዎችን ያስተምራል። ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከመጨረሻው ወንበር በደረሰ ጊዜ አንድ ልጅ እጁን አነሣና፤

«መምህር፤ የኛን አገር ማን ሊጠብቅ ነው እሳቸው የሰው አገር የሚጠብቁት?» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት አዲ አርቃይ ሲደርስ ይህ ልጅ ገና ትንሽ ነበር፤ ወደ ሽሬ የሚያሻግረው የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ፣ ጐረቤት ሁሉ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ሲወጣ አይቷል። እንዲህ ያለ ልጅ ስለ ፀጥታ ሲጠይቅ ከመጽሐፍ የተቀዳ መልስ መስጠት ያሳፍራል። «ሳምንት እመልስልሃለሁ» አልሁትና ደወሉ አዳነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ሳምንት ያነበብሁትንና ያሰብሁትን ነው።

በመጀመሪያ መናገር የሚገባው እኛ ራሳችን ተማሪዎች እንደ ነበርን ነው። ዘመናዊ ፖሊስ በአገራችን ከመቋቋሙ በፊት ወንጀለኛ የሚፈልገው አገሬው ነበር። ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ያልታወቀ እንደ ሆነ አውጫጭኝ ይጠራል። የአጥቢያው ሰው ሁሉ ከአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ምሥጢሩን የሚያውቅ ሰው «ወፍ» ሆኖ ለሽማግሎች እስኪናገር ድረስም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻ ይቆማል፤ ከብት በረት ውስጥ ይጮሃል። ሌባሻይ የተባለውም ነበር፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሚወላገድ ልጅ ከደጃፉ የወደቀበት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ሌባሻዩን ማንም አይናፍቀው። አውጫጭኙ ግን ምንም ቢያስቸግር አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ወንጀል የሚታወቀው ጐረቤት ሲናገር ነው። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በአዲስ አበባና በሌሎች አራት ከተማዎች በእንግሊዞች የሚሠለጥን ፖሊስ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ወዲያው ጣልያን ገባና ሥራው ተቋረጠ። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ስምምነት፣ የእንግሊዝ መንግሥት ለኢትዮጵያ አማካሪዎችን፣ ዳኞችን፣ የፖሊስ ኮሚሽነር፣ የፖሊስ መኰንኖችና ኢንስፔክተሮችን በማግኘት እንዲረዳ ይላል። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቍጥር 6 የፖሊስ ሠራዊት ተቋቋመ። እስቲ ያንን ጊዜ በዐይነ ኅሊናዎ ይመልከቱት! ከሎንዶን ወይም ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የመጣ መኰንን፣ ቋንቋውን የማያውቅ፣ አውጫጭኝ ሰምቶ የማያውቅ፣ ከጣልያን የተማረከ ጠመንጃ በየጎጆው በተሸሸገበት አገር ላይ «ሕግ እንዲህ ይከበራል» ብሎ ሊያስተምር ይቆማል። አስተርጓሚው ስንቱን እንዳስተካከለለት እግዜር ይወቅ።

ቢሆንም ከዚያ ትምህርት የቀረልን አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. የፖሊስ ኰሌጅ ተከፈተ፤ አባዲና በሚል ስም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ወጣ ብሎ ሰንዳፋ ላይ የሚገኘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ከእንግሊዞች በኋላ ሌሎችም መጡ። እስራኤሎች ኮማንዶ ፖሊስ አሠለጠኑ፤ ምዕራብ ጀርመኖች ዕቃና አስተማሪ ሰጡ፤ ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ የምሥራቅ ጀርመን አማካሪዎች በጸጥታው መሥሪያ ቤት ገቡ። ረጅም ዕድሜ ያገለገለ ፖሊስ በአንድ ሕይወቱ የሦስትና የአራት መንግሥት ትምህርት ሳይደራረብበት አልቀረም። በአንዱ ሰላምታ እጁን ወደ ውጭ ዘርግቶ፣ በሌላው ወደ ታች አጥፎ! ቀልድ ይመስላል፤ ግን የጦር መሣሪያ አያያዝ ያስተማረው ሰው ሁሉ ስለ እስረኛ አያያዝ አንድ ዓይነት ትምህርት አላስተማረም፤ ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል።

ይህ ሲሆን በሌላው ዓለም ምን ይደረግ ነበር? ኮንጎን ያስታውሷል። በ1952 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነጻነቷን ስታገኝ የጦርና የፖሊስ ሥራ የሚሠራው ፎርስ ፒዩብሊክ የተባለው ኀይል ሃያ አምስት ሺህ ያህል ሰው ነበረው፤ መኰንኖቹ ግን በሙሉ ቤልጅጎች ነበሩ። አንድ ኮንጎአዊ መኰንን አልነበረም። ነጻነቱ ከታወጀ ሳምንት ሳይሞላው ወታደሩ አመፀ፤ ቤልጅጎቹ ሸሹ፤ አገሩ ያለ ፖሊስ ቀረ። ያን ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሲገባ የኢትዮጵያ ወታደሮች ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሄደዋል፤ ከጋናና ከናይጄሪያም ፖሊሶች ሄዱ። ከአራት ዓመት በኋላ በቆጵሮስ ግሪኮቹና ቱርኮቹ በተጣሉ ጊዜ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከኦስትሪያ፣ ከዴንማርክ፣ ከኒው ዚላንድና ከስዊድን የተውጣጣ የሲቪል ፖሊስ ክፍል ተላከ። ዛሬ ሰማያዊ ቆብ የደፋ ፖሊስ የምናየው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ «እንዲህ ያለ ፖሊስ ሄዶ ምን ይሠራል?» ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ፤ በተለይ ከመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ «ለውጭ ሥራ የሚፈለጉ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ አበሉን ብቻ የሚያሰሉ ከሆነ! ለግል ተልእኮ የሚመረጠው መኰንን በአገሩ ቢያንስ አምስት ዓመት ማገልገል አለበት። የቋንቋ ፈተና አለ፤ መኪና መንዳት አለ። የቋንቋው በር ጠባብ ነው፤ በሪፖርት ጽሑፍ ላይ ብዙ ደፋር ሰው ይወድቃል። ያለፈው የአገሩን ልብስ እንደ ለበሰ ሰማያዊውን ቆብ ይደፋና ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም መሣሪያ አይታጠቅም። በኮሶቮና በምሥራቅ ቲሞር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የተባበሩት መንግሥታት ፖሊስ ራሱ ሰው ይይዝ ነበር። በሌላው ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል ግን ሥልጣን የለውም፤ ሊይዝም ሊፈታም አይችልም። የአገሩ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ይቀመጣል፤ ያያል፤ ይጠይቃል፤ ይመክራል። ያለ ሥልጣን ሥራ ማሠራት እንዴት እንደሚያስቸግር ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

የኢትዮጵያ ፖሊሶች በብዛት የታወቁት በጐረቤታችን በሱዳን ነው። ሐምሌ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት በጋራ ወደ ዳርፉር እንዲገቡ ሲወስን፣ ከወታደሩ ሌላ 3,772 ፖሊሶችና እያንዳንዳቸው እስከ 140 ሰው የሚይዙ 19 የፖሊስ ጓዶች ፈቀደ። በተፈናቃዮች ሰፈር ውስጥ ከነበሩት ሥራዎች አንዱን ብቻ ልንገርዎት። ሴቶች እንጨት ለቀማ ከሰፈሩ ሲወጡ በመንገድ ይደፈሩ ነበር። ስለዚህ የፖሊስ ቃፊር ከነሱ ጋር እየወጣ፣ እንጨታቸውን እስኪለቅሙ ጠብቆ ይመልሳቸው ጀመር። በኛ አገር እንጨት ለቅማ የማታውቅ እናት የለችም፤ ከኛ ዘንድ የሄደ ፖሊስ የዚያችን ሴት ሸክም ክብደት ሊገልጹለት አያስፈልግም።

ባለፈው ጊዜ ከዳርፉር የተመለሱ አንድ ጡረተኛ ኢንስፔክተር በኛ ከተማ ሲያልፉ ከሻይ ቤት አገኘኋቸው። ስሜ እንዳይጻፍ ብለውኛልና አልጽፈውም።

«ጋሼ፤ ለመሆኑ ምን አስተማሯቸው?» አልኋቸው።

«ልጄ፤ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ሻይ ጠጣሁ» አሉ። «የሱዳን ሻይ ስኳሩ ይበዛል። የጣቢያው አዛዥ አላመነኝም፤ ሰላይ መስዬዋለሁ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ልድገምልዎ። በጣቢያው ውስጥ በዕዳ የታሰረ አንድ ሰው ነበር። መዝገቡን ሲያዩት የገባበት ቀን ተጽፏል፤ ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀን ግን ባዶ ነው። ሊያስፈቱት ሥልጣን የላቸውም። አዛዡን ቢቈጡት ከጣቢያው ይባረራሉ። ስለዚህ በየማለዳው፣ ከሰላምታው በኋላ፣ በአስተርጓሚያቸው በኩል አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ «ይህ ሰው የገባው መቼ ነው?» አዛዡም በየማለዳው መዝገቡን ገልጦ ይነግራቸዋል። በዘጠነኛው ቀን ኢንስፔክተሩ ሲደርሱ አዛዡ ገና ሰላም ሳይሉት «ወደ ዐቃቤ ሕግ ልኬዋለሁ! ከእንግዲህ አይጠይቁኝ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆኑ አሉኝ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። እኒህ ሰው ሰባ ዓመት ቀደም ብሎ ሊያስተምሩን ከመጡት እንግሊዞች የተለየ አንድ ሀብት ነበራቸው፤ የሚማሩ ሰዎች መሆን ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር። ትእዛዝ እንደማይሰማ፣ ጥያቄ ግን ከኅሊና ውስጥ ገብቶ እንደሚያሳክክ ያውቁ ነበር።

አብዬ የተባለው ግዛት ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚጣሉበት ነው፤ ዲንካ ንጎክና ሚሴሪያ የተባሉት ነገዶች በአንድ ሣርና በአንድ ውሃ ላይ ይገናኙበታል። ሰኔ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ስምምነት ለግዛቱ የጋራ ፖሊስ እንዲቋቋም ተባለ። በሳምንቱ ምክር ቤቱ ከኢትዮጵያ የሚውጣጣ እስከ 4,200 የሚደርስ ጦርና 50 ፖሊሶች ፈቀደ፤ ፖሊሶቹ ያንን አዲስ ፖሊስ እንዲያሠለጥኑ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ መንግሥታት ስላልተስማሙ የሚሠለጥነው ፖሊስ አልመጣም! አስተማሪው ክፍል ገብቶ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ምን ያደርጋል? እነሱ ወደ መንደሩ ወጡ። ከነዋሪው የተመረጡ የኅብረተሰብ ጥበቃ ኮሚቴዎች ነበሩ፤ እነሱን ማሠልጠን ጀመሩ። ወንጀል ሲደረግ ቦታውን እንዴት እንደሚጠብቁ፣ የተያዘ ሰው እንዳይደበደብ፣ ነገሩን ለማን እንደሚያስታውቁ ማለት ነው። ደመወዝ የለም፤ የደንብ ልብስ የለም፤ ያለው ጐረቤት ነው። ከላይ ያነሣሁት አውጫጭኝ ትዝ አላለዎትም? የኢትዮጵያ ጦር በ2014 ዓ.ም. ለሌሎች አገሮች ጦር ቦታውን ለቅቆ ተመልሷል፤ የጋራው ፖሊስ ግን እስከዚያ ድረስ አልተቋቋመም ነበር።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስለ ጉዳቱ ዝም ብል ያ ተማሪ ይታዘበኛል። ዳን ሚትሪዮኒ የተባለ አሜሪካዊ ነበር፤ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት ሪችመንድ በተባለች ከተማ የፖሊስ አዛዥ የነበረ ሰው ነው። የአሜሪካ መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. የውጭ አገር ፖሊሶችን የሚያሠለጥን መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ነበር፤ እሱም በመጀመሪያ ወደ ብራዚል፣ ቀጥሎ ወደ ኡራጓይ በአማካሪነት ተላከ። ሐምሌ 24 ቀን 1962 ዓ.ም. ቱፓማሮስ የተባሉት ዐማፅያን ጠለፉት፤ ነሐሴ 4 ቀን ሬሳው ተገኘ። ዐማፅያኑ ሰው ማሠቃየት ያስተምር ነበር አሉ፤ መንግሥቱ ሐሰት ነው አለ። ሰውን ጠልፎ መግደልን ማንም አያመሰግንም። ነገር ግን ጥያቄው በአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ አልሞተም፤ ከአሠልጣኞቹ ተማሪዎች መካከል በየአገሩ ሕዝባቸውን የሚያሠቃዩ እየበዙ ስለ ተሰማ፣ ምክር ቤቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ እንዲዘጋና የውጭ አገር ፖሊስ ማሠልጠን እንዲቆም በሕግ ወሰነ። በኋላ በብዙ ሰበብ ተመልሶ ተጀምሯል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ከኛም ቤት አንድ አለ። በ2002 ዓ.ም. የጀርመን መንግሥት ገንዘቡን ከፍሎ ዘጠኝ መቶ የሚሆኑ የሱማሌ ፖሊሶች በኢትዮጵያ ውስጥ ሠለጠኑ። ትምህርቱ ተጨረሰ፤ ደመወዛቸውን ማን እንደሚከፍል ግን አልታወቀም፤ ከዚያም የት እንደ ገቡ ጥያቄ ተነሣ። ተኩስ የተማረ፣ ደመወዝ የሌለው፣ በጦርነት አገር የሚኖር ጐልማሳ የት ይገባል ብለው ያስባሉ? እኔ በበኩሌ አስተማሪዎቹን አልወቅስም። ልጁን አስተምሮ ከመንገድ ላይ የጣለውን አሠራር ግን እወቅሳለሁ፤ ይህ በፖሊስ ትምህርት ብቻ የሚታይ እንዳይመስልዎት።

ዳርፉርም ቢሆን። ተልእኮው ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ተዘጋ። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር አለፈና ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን በጦርነት ነደደች፤ ዳርፉር ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ቀመሰች። ኢንስፔክተሩን ስለዚህ ጠየቅኋቸው። ሻያቸውን እያማሰሉ ብዙ ቆዩ። «ያ አዛዥ በሕይወት ቢኖር ስልኬን ያውቀዋል» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልገፋሁም።

በቀጠሮዬ ቀን ክፍል ገባሁና ይህን ሁሉ አሳጥሬ ነገርኋቸው። ልጁ ጸጥ ብሎ ሰማ። ስለ ኢንስፔክተሩና ስለ መዝገቡ በደረስሁ ጊዜ እጁን አነሣ።

«መምህር፤ እኛስ ዘንድ ሰው ስንት ቀን ይታሰራል?»

ሕገ መንግሥቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዐሥራ ዘጠነኛውን አንቀጽ አነበብሁ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ጥቂቶቹ ተያዩ፤ አንዲት ልጅ ዐንገቷን ደፋች፤ በዚህ አገር በቅርብ ዓመታት ያለፈውን እነሱም እኔም እናውቃለንና፣ «ሁልጊዜ ተጠብቋል» ብዬ ልዋሻቸው አልደፈርሁም። «ተጽፏል፤ የተጻፈውን የሚጠይቅ ያስፈልገዋል» አልሁ። ልጁ ግን ገና አልጨረሰም።

«ሰዓቱ የሚቈጠረው ከየት ጀምሮ ነው? ሰውዬው ከተራራው ላይ ቢያዝስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሕጉ፣ ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ በሚገባ ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ከ48ቱ ሰዓት ውስጥ አይቈጠርም ይላል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። እያንዳንዱ ከየመንደሩ እስከ ከተማ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይከራከር ጀመር፤ አንዱ ስድስት ሲል፣ ሌላው «ወንዙ ሲሞላስ?» ይላል። ጠመኔውን ለዚያ ለመጨረሻው ወንበር ልጅ ሰጠሁት። የመንደሮቹን ስም በስተግራ፣ ሰዓቱን በስተቀኝ አድርጎ ሰሌዳውን ሲሞላው ደወል ተደወለ፤ የወጣ ግን አልነበረም።